የነቀዘ ዝምታ

ጠጋ በሉ ወደ እሳቱ። ዛሬ የምነግራችሁ የሁለት ልጆችን ነገር ነው። አንዷ የጉና ልጅ ናት። ሌላዋ ጉናን በፎቶግራፍ እንጂ በእግሯ የማታውቅ፣ አሜሪካን አገር ሜሪላንድ ያደገች የወንድሜ ልጅ። ሁለቱም የዩኒቨርሲቲ በር ከተከፈተላቸው በኋላ ውጤታቸው ወረደ፤ ሁለቱንም በሩ መልሶ ሊዘጋባቸው ነበር። በመካከላቸው እኔም አለሁበት። የእኔን ግን ቆየት ብዬ አመጣዋለሁ፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት ያልተናገርኩት ነገር ስለሆነ ቶሎ አይወጣልኝም።

የልጆቹን ስም አልጠራም። ታሪካችንን ተናገር ብለውኛል፤ ስማችንን ግን አደራ ብለውኛል።

ጉናን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከደብረ ታቦር ተነሥታችሁ በጋሳይና በክምር ድንጋይ ወደ ነፋስ መውጫ ስትጓዙ በስተቀኝ ጉም ለብሶ የምታዩት ተራራ እሱ ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ ነው ከፍታው። ርብም ጉማራም ከሱ ተነሥተው ነው ጣና የሚገቡት። እዚያ ላይ ጤፍ አታስቡ። ገብስ ነው፣ ድንች ነው፣ በግ ነው። ከፍ ስትሉ ጅብራው ብቻውን ቆሞ ይጠብቃችኋል። የዚያ አገር ሰው ክፉ ቀን የሚለው ውርጭን ነው፤ ገብሱ አሽቶ አሽቶ አንድ ሌሊት ውርጭ ከመታው ዓመቱ አለቀ።

ልጅቱ አባቷ የሞተው ገና በልጅነቷ ነው። ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነው ያደገችው። 11ኛ ክፍል ስትደርስ ደብረ ታቦር መጣች። እንደብዙዎቹ የገጠር ልጆች፣ ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራዩ። ዓርብ ከትምህርት መልስ ወደ ቤት፣ እሑድ ከሰዓት በአይሱዙ ላይ ተጭነው ስንቅ ይዘው ወደ ከተማ። በሶ፣ ቆሎ፣ ድንች፣ የገብስ ዳቦ። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ የትኛዋ ልጅ ከጉና እንደመጣች በጫማዋ ላይ ባለው ጭቃ አውቃለሁ፤ የጉና ጭቃ ጥቁር ነው፣ ሲደርቅም ቶሎ አይራገፍም።

እኔ የሒሳብ መምህሯ ነበርኩ፤ 12ኛ ክፍል ላይ ነው ያገኘኋት። ካርዷን አየሁት። 10ኛ ክፍል ሒሳብ 91። ያውም ትምህርት ቤት በኮሮና ምክንያት መጋቢት 2012 በተዘጋበት ዓመት። እኔ ጋ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ያመጣችው 64 ነው።

ከ91 ወደ 64 ምን አወረዳት? ወረቀቱ አይናገርም። ወረቀት ቁጥር እንጂ ምክንያት አይጻፍበትም። ምክንያቱን የሚያውቀው ያገሩ ሰው ነው። ነሐሴ 2013 ጦርነቱ በጋይንት በኩል ገፍቶ እስከ ጉና ደረሰ። በቡሄ ሰሞን፣ ልጆች ሆያ ሆዬ በሚሉበት ሰሞን፣ ከባድ መሣሪያ ደብረ ታቦር ላይ ወደቀ፤ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሞተ። የልጅቱ ቤተሰብ በጎቹን በትኖ ሸሸ፤ ሲመለስ ከአሥራ ሁለቱ የተገኙት አራት ናቸው። ትምህርቱ ዘግይቶ ተጀመረ። ኅዳር ሲያልቅ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በመላ አገሪቱ ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪው የዘማቾችን ሰብል እንዲሰበስብ ተባለ። እኔም አብሬ አጨድኩ። እሷ ከፊቴ ነበረች፤ ማጭድ አያያዟን አይቼ ይቺ ልጅ በዚህ ወር ከእርሳስ ይልቅ ማጭድ ነው የጨበጠችው አልኩ በልቤ።

በኛ አገር ያ 64 በራሱ ማንንም አይጥልም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው፤ የአራት ዓመት ካርድ ቁጥር ምንም ቢሆን ምን። ድሮ ማትሪክ እንል ነበር፤ ስሙ ተቀያየረ እንጂ ነገሩ ያው ነው። በ2014ቱ ዓመት ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር ፈተናው እንዳይሰረቅ ብሎ ተማሪውን ሁሉ ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ ፈተነ። ጥቅምት 2015 ላይ ተፈተኑ፤ ጥር ላይ ውጤቱ ወጣ። እናንተዬ፣ ያን ቀን አልረሳውም። ከተፈተነው ወደ 900,000 ከሚጠጋ ተማሪ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ሆኑ። እኛ ጋ ያለፉት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ቡናው ቀርቦ ማንም ሳይጠጣው ቀዘቀዘ።

የጉናዋ ልጅ ከ700 ያመጣችው 318 ነው። ማለፊያው 350 ነበር። ሠላሳ ሁለት ነጥብ።

ያን ዓመት ነው እንግዲህ ሪሚዲያል የሚባለው የመጣው። ከግማሽ በታች ካመጡት ውስጥ የተሻሉት ተመርጠው ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፤ ወራት ይማራሉ፤ ተፈትነው ቢያንስ 50 ካመጡ ይቀጥላሉ፣ ካላመጡ ይመለሳሉ። እሷም ገባች፤ ከቤቷ የሁለት ቀን መንገድ የሚርቅ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ወንበር ተሰጣት እላለሁ እንጂ በውሰት ነው የተሰጣት። ይህን ልብ በሉልኝ። ሰፈሩ እልል ብሏል፣ እናት ለጎረቤት ጠላ ጠምቃለች፣ ልጅቱ ግን ገና ደጃፍ ላይ ናት።

ግንቦት 2015፣ ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ስልኬ ጮኸ።

«ቲቸር፣ ልሰናበትዎ ብዬ ነው።»

«ወዴት ልትሄጂ?»

«ወደ ቤት። ሻንጣዬን አሥሬያለሁ። ነገ በሌሊት መኪና አለ።»

ድምፅዋ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ አልነበረም። ያ ነው ያስደነገጠኝ። ያለቀሰ ሰው ገና አልቆረጠም፤ እሷ ግን ቆርጣለች።

ቀስ ብዬ ጠየቅኳት። በሚያዝያ ማብቂያ ታናሽ ወንድሟ ደውሎ «እማዬ አልተነሣችም» አላት። ማንንም ሳትጠይቅ፣ ፈቃድ ሳትሞላ፣ ያገኘችውን መኪና ይዛ ገሰገሰች። እናት የሳንባ ምች ይዟት ዘጠኝ ቀን ሐኪም ቤት ተኛች። እናት ስትድን ደግሞ የገብስ ዘር ወቅት ደረሰ፤ መሬቱ ታርሶ ዘር አልጠጣም። ልጅቱ ዳቦ ጋግራ፣ ጠላ ለምና፣ ደቦ ጠርታ ገብሱን አዘራች። አሥራ ስድስት ቀን። ስትመለስ የሒሳብ፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሁለተኛ ፈተና አልፎ ጠበቃት።

«ያመለጠኝ ላይ ዜሮ ሊሞላ ነው አሉኝ።»

«ማን አለሽ?»

«ልጆች።»

«አስተማሪዎችሽስ? የሪሚዲያሉ ተጠሪስ? ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም አልነገርኩ ቲቸር። ምን ብዬ ልንገር? የቤታችንን ችግር አደባባይ ላውጣ? እማዬ ዝም አይነቅዝም ትላለች።»

ዝም አይነቅዝም። ይህን ተረት ሁላችንም የምናውቀው ነው። እህል ይነቅዛል፤ ዝምታ ግን ቢቆይም ነቀዝ አይገባውም ማለት ነው። ለብዙ ነገር እውነት ነው። በሽማግሌ ፊት፣ በቁጣ ጊዜ፣ የሰው ገበና በእጃችን ሲገባ እውነት ነው። ያን ማታ ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ፣ የራሴ ዝምታ ስንት ዓመት እንደነቀዘ ታየኝ።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ነገር የሚመጣው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ1978 ነው። ማትሪክ ጥሩ አምጥቼ፣ ከመንደራችን የመጀመሪያው ሆኜ፣ አባቴ ከገዛልኝ የቆርቆሮ ሳጥን ጋር። የገባሁበትን ቤት አልጠራም። ኅዳር ላይ አባቴ ሞተ። ደብዳቤው ሦስት ሳምንት ቆይቶ ደረሰኝ፤ ተቀብሮ፣ ሰልስቱ አልፎ፣ ድንኳኑ ፈርሶ። ለማን ይነገራል? አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነን ነው የምናድረው፤ ለአንዳቸውም አልተናገርኩ። ሌሊት መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ፤ ቀን መጽሐፍ ገልጬ አንዱን መስመር ስምንት ጊዜ አነባለሁ። ፈተናው መጣ፣ ተፈተንኩ፣ ወደቅኩ። ከኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች በመጀመሪያው መንፈቅ የሚባረረውን «የገና ምሩቅ» ይሉት ነበር፤ ስሙ እኛም ዘመን ደርሷል። የገና ምሩቅ ሆንኩ።

ከመሄዴ በፊት አንድ ቅጽ ሰጡኝ። ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ የትምህርት ክፍል። ከሥሩ ሁለት ባዶ መስመር አለ፤ ከጎኑ «ምክንያት ካለ ይገለጽ» ይላል። ብዕሩን ይዤ ቆምኩ። ጸሐፊዋ ሴትዮ ቀና ብላ አየችኝ፤ የምትጠብቀኝ ይመስል ነበር። አባቴ ሞቷል የሚል ሁለት ቃል ነው። ሁለት ቃል! አልጻፍኩትም። የሞተ አባቴን ለወንበር መለመኛ ማድረግ መሰለኝ። ባዶውን መልሼ ሰጠኋት፤ ማኅተም መታችበት።

በኋላ የመምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ፤ በክረምት እየተማርኩ ዲግሪዬን ጨረስኩ፤ መምህር ሆንኩ፤ በመምህርነቴ አልተጸጸትኩም። ብጽፈው ኖሮ ይመልሱኝ ነበር አልልም፤ ላይመልሱኝም ይችሉ ነበር። ያ ባዶ መስመር ግን እስከዛሬ አልለቀቀኝም። ለሚስቴም ቢሆን የተናገርኩት ከዚያ ስልክ በኋላ ነው።

እንግዲህ ይህን በሆዴ ይዤ ነው ለልጅቱ የመለስኩላት።

«ስሚኝ ልጄ፤ ነገ መኪናው ይሂድ። አንቺ ግን አትሄጂም። ጠዋት ፊትሽን ታጠቢና ወደ ተጠሪው ቢሮ ሂጂ። አታልቅሺ፣ አትለማመጪ። ፈቃድ ሳትጠይቂ መሄድሽን መጀመሪያ አንቺው ተናገሪ፤ እነሱ እስኪጠይቁሽ አትጠብቂ። ከዚያ እናትሽ የታመመችበትን ቀንና የተመለስሽበትን ቀን ንገሪያቸው። ያመለጠኝን ፈተና ፈትኑኝ በይ፤ ነጥብ ስጡኝ አትበይ።»

«ባያምኑኝስ?»

«ወረቀት አለ። እናትሽ ከሐኪም ቤት ስትወጣ የተሰጣት።»

ደግሞ የሒሳብ መምህር ነኝና ሒሳቡንም በስልክ አሰላሁላት። በያንዳንዱ ትምህርት 30ው ዩኒቨርሲቲው ከሚሰጠው ፈተና ነው፤ 70ው ከሚኒስቴሩ ከሚመጣው። በሒሳብ የመጀመሪያው ፈተና ላይ ከ15 አሥራ ሁለት አላት። ሁለተኛው ዜሮ ከተሞላ ከ30 አሥራ ሁለት ይዛ ትገባለች፤ 50 ለመድረስ ከ70ው 38 ማምጣት አለባት። ከግማሽ በላይ ማለት ነው፣ ያውም አሥራ ስድስት ቀን ባልተማረችበት ነገር። ያመለጣትን ተፈትና ዘጠኝ እንኳ ብታገኝ 21 ይሆናል፤ ከ70ው 29 ይበቃታል። «በሁለቱ መካከል ያለው ዘጠኝ ነጥብ ነው» አልኳት። «ይህን ዘጠኝ ነጥብ የምታገኚው አፍሽን ከፍተሽ ነው።»

ዝም አለች። ቆይታ «ሻንጣዬን ልፍታው እንዴ?» አለችኝ።

«ፍቺው» አልኳት።

ወረቀቱ ግን እንዲህ በቀላሉ አልመጣም። ቅዳሜ ወንድምየው ይዞት ገበያ እንዲወርድ ተባብለን ነበር፤ ባዶ እጁን መጣ። እናቱ ከለከለችው። እኔ ራሴ በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወጣሁ። እናትየዋ ከደጃፍ መደብ ላይ ጋቢ ተከናንባ ተቀምጣለች፤ ገና ትንፋሿ አልተመለሰም።

«መምህር፣ ሕመሜን ለመንግሥት ሊያሳዩ ነው?» አለችኝ።

«እማማ፣ ሕመሙ አይደለም የሚታየው፤ ቀኑ ነው» አልኳት። «ልጅዎ ቀልዳ እንዳልቀረች የሚመሰክር ሌላ ሰው የለም።»

ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች፤ የእንጨት ሳጥኗን ከፈተች። የመሬት ደብተሯን አወጣች፤ አረንጓዴውን፣ ፎቶዋ የተለጠፈበትን። የሐኪም ቤቱ ወረቀት በደብተሩ መሐል አራት ቦታ ታጥፎ ተቀምጧል። ያገሬ ገበሬ ከመሬት ደብተር ጋር የሚያስቀምጠው የማይጠፋ ነገር ብቻ ነው። በሁለት እጇ ሰጠችኝ፤ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ደብረ ታቦር ወርጄ ፎቶ ኮፒ ቤት አስነሣሁት፣ በኢሜይል ላኩት፤ ዋናውን በሳምንቱ መለስኩላት። አደራ ነው።

ልጅቱ ቢሮው የገባች ቀን የሆነውን እሷ ናት የነገረችኝ። ተጠሪው ወረቀቱን አየ፣ ቀን ቆጠረ፣ «ለምን ከመሄድሽ በፊት አልነገርሽንም?» ብሎ ተቆጣት። መቆጣቱ ልክ ነው። «ፈርቼ» አለች። ሁለቱ መምህራን እንፈትናታለን አሉ፤ የኬሚስትሪው እምቢ አለ፣ ሕጉን ጠቅሶ። እሱንም አልወቅሰውም። በሒሳብ ዘጠኝ አላገኘችም፤ አሥራ አንድ አገኘች። የሚኒስቴሩን ፈተና ክረምት ላይ ተፈተነች። በኬሚስትሪ አነሰች፤ በአጠቃላይ ግን 50ውን ተሻግራ 57 ገባች።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ብቀር ግን ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። በዚያው ሰሞን ከኛው አካባቢ የመጣ፣ ከሷ የተሻለ ነጥብ የነበረው ልጅ ነበር። አባቱ ሲታመም ሄደ፤ አልተመለሰም፤ ለማንም አልተናገረም። በዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ዊዝድሮው ሞልቶ መውጣት የሚባል ነገር አለ፤ ችግር የገጠመው ተማሪ ሬጅስትራር ሄዶ ፎርም ሞልቶ በሕጋዊ መንገድ ይወጣል፣ ሲመለስም መግቢያ አለው። ሳይሞላ የጠፋ እንደወደቀ ይቆጠራል። ያ ልጅ ይህን የነገረው ሰው የለም። እኔም አስተምሬው ነበር፤ ስላልደወለልኝ እኔም ዝም አልኩ። አሁን ድንች ይነግዳል። ገበያ ስንገናኝ በአክብሮት ሰላም ይለኛል፤ እኔ ግን ዓይኑን ማየት ይከብደኛል። ቀድሜ መደወል የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ወደ ሁለተኛዋ ልጅ ልሻገር።

ሐምሌ 2016። ሜሪላንድ ያለው ታናሽ ወንድሜ በተራ ስልክ ደወለ። «ወንድም ጋሼ» አለ፤ ከዚያ ድምፁ ተቆረጠ። ወንድሜ ኩላሊቱ ከታመመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት አለበት። ባሰበት ብዬ ተርበደበድኩ።

እሱ አልነበረም። ልጁ ናት። በመጋቢት ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏት፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ተነግሮላት ነበር። እዚያ አገር አሠራሩ ከኛ ይለያል። የሚታየው የአራት ዓመት ካርድ ነው፤ 12ኛ ክፍልን ሳትጨርስ ይቀበሏታል፣ ግን ውሉ ውስጥ «እስከ መጨረሻው በያዝሽው ውጤት ጨርሺ» የሚል ቃል አለ። ሰኔ ላይ ስትመረቅ የመጨረሻው ካርድ ይላካል። ያ ካርድ ሲሄድ ካልኩለስ ዲ ሆኖ ተገኘ፣ ኬሚስትሪ ሲ። ዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጻፈ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ አስረጂ፣ አለዚያ ቅበላሽ ሊሰረዝ ይችላል የሚል። እኛ ሪሚዲያልን በውሰት የተሰጠ ወንበር አልን አይደል? ለካ የአሜሪካውም ወንበር እስከ ክረምት ድረስ ውሰት ነው።

«ምን አወረዳት?» አልኩት።

«አላውቅም። አትናገርም። በሯን ዘግታ ተቀምጣለች። እዚህ አገር የመጨረሻው ዓመት ላይ ልጆች ይሰንፋሉ፣ ስምም አለው፤ ሲኒየራይቲስ ይሉታል። እሱ ይሆናል።»

«እጥበት የሚያመላልስህ ማን ነው?»

ዝም አለ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር።

«እሷ ናት» አለ። «እናቷ ማታ ትሠራለች፤ ጠዋት እሷ ነች የምትነዳኝ።»

«በሳምንት ሦስት ቀን?»

«በሳምንት ሦስት ቀን።»

ይኸው! አባት በገዛ መኪናው ውስጥ ከጎኗ ተቀምጦ አላየውም። እሷም አልተናገረችም፤ ብትናገር አባቷን በአንተ ምክንያት ወደቅኩ ያለችው ይመስላታል። በ1978 እኔ የሞተ አባቴን ለወንበር አላቀርብም እንዳልኩት፣ እሷም በሕይወት ያለ አባቷን አላቀርብም አለች። ደም ነው መሰለኝ።

ወንድሜ ደግሞ «እዚህ አገር ሕግ ሕግ ነው፤ ማስረዳት ምን ያደርጋል» አለ። እንግሊዞቹን አስታወስኩት። ነሐሴ 2012 በኮሮና ምክንያት ፈተና ስለቀረ፣ መምህራን የገመቱትን ውጤት በኮምፒውተር ቀመር አስተካከሉት፤ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው የእንግሊዝ ተማሪዎች ውጤት ከመምህሩ ግምት ዝቅ አለ። ስንቱ ልጅ የተቀበለው ዩኒቨርሲቲ አመለጠው። ልጆቹ ግን ዝም አላሉም፤ አደባባይ ወጡ፤ ውጤቱ በወጣ በአራተኛው ቀን መንግሥት ቀመሩን ትቶ የመምህራኑን ግምት መለሰ። «ሕጉንም የሚያነበው ሰው ነው» አልኩት። «ሰው ደግሞ ካልነገርከው አያውቅም።»

ለልጅቱ የምለውን ግን እኔ ልናገር አልደፈርኩም። ሽማግሌ አጎት ከሩቅ አገር ምክር ሲያዥጎደጉድላት ምን ታድርገው? የጉናዋን ልጅ ደውዬ ጠየቅኳት። ፍሬሽማን ሆና ለፈተና ታጠና ነበር። «ስልኬን ይስጧት» አለችኝ።

ሁለቱ ተነጋገሩ። አንዷ እንግሊዝኛዋ ይንተባተባል፣ ሌላዋ አማርኛዋ። አንድ ሰዓት ያህል። ምን እንደተባባሉ ሙሉውን አላውቅም። የጉናዋ የነገረችኝ ይህን ብቻ ነው፦ «እኔም እናቴን የሸጥኳት መስሎኝ ነበር አልኳት። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ አብረን አለቀስን።»

በማግስቱ የወንድሜ ልጅ ከአባቷ ፊት ተቀምጣ ደብዳቤዋን ራሷ ጻፈች፤ አባት እንዲጽፍላት አልፈቀደችም። አንድ ገጽ ናት። ዲውን አልሸፋፈነችውም፤ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ነው ያስቀመጠችው። የእጥበት ክፍሉ የቀጠሮ ወረቀት ተያያዘ። የትምህርት ቤቷ ካውንስለርም ጻፈችላት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ምንም እንደማታውቅ፣ ቢነገራት ኖሮ የክፍሉን ሰዓት ታቀያይርላት እንደነበር ጽፋ። ልጅቱ ካልኩለሱን በክረምቱ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተመዝግባ እንደገና መማር ጀመረች፤ የምዝገባውንም ደረሰኝ አብራ ላከች። እጥበቱን አሁን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በተራ ያመላልሳሉ። ለካ ከመጀመሪያውም የሚጠይቃቸው ነበር ያጡት።

በኅዳር 2017 ገብስ ሲሰበሰብ ጉና ወጣሁ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት የከረመበት ጊዜ ነው። እናትየዋ ድናለች፤ አውድማው ዳር ቆማ ታነፍሳለች። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ሁለተኛ ዓመት ልትገባ ነው። ታናሽ ወንድሟ ትምህርት ቤቱ በጸጥታው ምክንያት ተዘግቶ በግ ይጠብቃል፤ አየኝና በጎቹን ትቶ እየሮጠ መጣ። ኪሱ ውስጥ ከሲሚንቶ ከረጢት የተቀደደ ወረቀት አለ፤ እኅቱ በክረምት የተወችለትን የክፍልፋይ ጥያቄ ሠርቶበታል። «ያርሙልኝ» አለኝ። ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አረምኩለት፤ ከአሥሩ ሰባት አግኝቷል። የሳታቸውን ሦስቱን መሬት ላይ በእንጨት እየጻፍን ሠራናቸው፤ በጎቹ ጎረቤት ማሳ እስኪገቡ ድረስ።

እናቱ ትኩስ ድንች ቀቅላ፣ በሚጥሚጣ አቀረበችልኝ። ተቀምጣ አየችኝ አየችኝና፣

«ያችስ የአሜሪካዋ?» አለች። «ወረቀቷን ተቀበሏት?»

«ተቀበሏት እማማ። አንድ መንፈቅ በክትትል ትማሪያለሽ አሏት፤ ገብታለች።»

«የአባቷንስ ወረቀት መለሱላት?»

አልገባኝም ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። «አዎ» አልኳት፤ «ዋናው እጁ ላይ ነው።»

«እሰይ» አለችና ሌላ ድንች ላጠችልኝ።